ራም ከመግዛታችን በፊት

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ሲንቀራፈፍብን ቶሎ የምንሰማው ምክር «ራም ጨምሩበት» የሚል ነው። ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 እናሳድገዋለን፤ ሲነሳ ግን ያው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይብስበታል።

ራም የሚጠቅመን ብዙ ፕሮግራም አንድ ላይ ስንከፍት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስን የሚያነበው ከሃርድ ዲስኩ ነው፤ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ራም ስለተጨመረ አይፈጥንም።

ስለዚህ የሚዘገየው የቱ ላይ እንደሆነ እንይ። የዊንዶውስ አርማ ከመታየቱ በፊት ከሆነ፣ አዲሱ ራም በደንብ ሳይገባ ወይም ከነባሩ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ይሆናል፤ አጥፍተን፣ ቻርጀርና ባትሪ ነቅለን፣ ሁለቱን ተራ በተራ ለየብቻ እንሞክር። ከአርማው በኋላ ከሆነ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብተን አብረው የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች እናጥፋ። ያም ሆኖ ዲስኩ 100% ላይ ከቆየ፣ ገንዘቡ መዋል ያለበት ለኤስኤስዲ ነው።

ከፋርጣም ሆነ ከጋይንት የሚላክልን ብር ድንችና ገብስ ተሸጦ የተገኘ ነው። ሳይመረመር መድኃኒት አይገዛም። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ደግሞ፣ አንድ ጓደኛችን ዕቃ ፍለጋ ባሕር ዳር ከመውረዱ በፊት ኮምፒውተሩን በነፃ ልናይለት ይገባል።