ስም ብቻውን አይበቃም

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሊኑክስን የሚጭን ሰው የሞኒተሩን ፍሪኩዌንሲ በእጁ ይጽፍ ነበር፤ ቢሳሳት የሚጠብቀው ጨለማ ስክሪን ነው። ዛሬ ሞኒተሩ በ128 ባይት ማንነቱን ይናገራል፤ የግራፊክስ ካርዱም መለያ ቁጥሩን ያቀርባል።

ብዙዎች ይህን የማሽን ብልሃት ይሉታል። እኔ ግን የግልጽነት ፍሬ ነው ባይ ነኝ፤ ቁጥር ስምን እንጂ ጠባይን አይገልጥምና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ አምራቹ አሠራሩን የሸሸገውን ካርድ ነፃ ድራይቨር በስሙ ቢያውቀው እንኳ በወጉ ለማዘዝ ይቸገራል። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ ኮድ የከፈተው በ2022 ነው፤ ኑቮ የተባለውን ነፃ ድራይቨር የጻፉ ሰዎች ግን አስቀድመው የካርዶቹን ጠባይ ከውጭ እየመረመሩ ለዓመታት ደክመዋል።

እንግዲህ ስክሪናችን ያለ ጥያቄ ሲበራ፣ ምስጋናው ምስጢሩን ለገለጠና ለመረመረ ሰው ይሁን።