ከፍርሃት ወደ ምሥጢር፦ ከጢስ ዓባይ አፋፍ የወጣ ማኒፌስቶ

እኛ በጣና ዳርና በጢስ ዓባይ አፋፍ የተሰባሰብን፣ ጠልሰም የምንስል፣ አስማተ ጸሎት የምንደግም፣ የውቃቢ ቡና የምናፈላ፣ ሥርና ቅጠል የምንለይ ሰዎች ነን። አዋቂ ተብለናል፤ ጠንቋይም ተብለናል። የምንሻውን ዛሬ በአደባባይ እንናገራለን። ሰው ከማይታየው ጋር በራሱ ዐይን፣ በራሱ ትንፋሽ፣ በራሱ አካል እንዲገናኝ እንሻለን። ይህን የሚያስተምር ጥበብ ከማንም አንበደርም፤ እዚሁ በብራናው፣ በከበሮውና በውኃው ዳር አለ። የጎደለው ፍርሃት የማይገባበት ቤት ነው። ያን ቤት እንሠራለን።

አሮጌው ሥርዓት ወድቋል። በአንድ ወገን የማይታየውን የሚፈልግ ሁሉ ተሳደደ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ የሚባሉ መናፍስትን ታመልካላችሁ የተባሉትን እስከ ሞት ቀጡ፤ ሕዝቡም ሰይጣንን መካዱን በአካሉ ላይ ጽፎ እንዲታይ አዘዙ። በሌላ ወገን ተሳዳጁ ራሱ ጨለማውን መተዳደሪያ አደረገው። መተት እፈታለሁ እያለ መተት ሸጠ። የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ ኮከቡን አወጣ፤ ከኮከቡም ፍርሃት አወጣ። በጎረቤት ላይ ጎረቤትን አስነሣ፤ ከደሃ ጓሮ ገብስማ ዶሮና ጥቁር በግ አስነዳ። ስደቱ ጥበቡን ሊያጠፋው አልቻለም። ንግዱ ግን ሊያጠፋው ጥቂት ነበር የቀረው፤ ይህን የምንለው በቤታችን ላይ እየፈረድን ነው።

ባሕር ማዶም ይህ መንገድ ተሄዶበታል። እንግሊዝ የጥንቆላ ሕጓን በ1951 እ.ኤ.አ. ሻረች፤ በ1954 ጄራልድ ጋርድነር ስለ ዘመኑ ጥንቆላ መጽሐፉን አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ጨረቃንና ወቅቶችን በይፋ የሚያከብሩ ማኅበሮች በብዙ አገር ተስፋፉ። እነርሱ የተቋረጠን ነገር ከመጻሕፍት ፍርፋሪ መልሰው መገንባት ነበረባቸው። የእኛ አልተቋረጠም። ክታብ የሚጽፍ እጅ በጎጃምና በጎንደር ዛሬም አለ፤ ኃላፊነታችንን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ምሥጢር በዐይን ይገባል ብለን እናምናለን። ደብተራው ክታብ ሲሠራ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጃል፤ ጥበቃው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ። አንድ ቁራጭ ስለማይበቃ ጠባብ ጠባቡን ቆዳ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል። ጸሎቱን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቅዱሱን ስምና የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ። ጸሎተ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን ያስራል፤ መርበብተ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ይይዛል። በጽሑፉ መካከል ጠልሰሙ ይመጣል፤ ፊት ይሁን ኮከብ፣ መስቀል ይሁን መረብ የማይለይ ሥዕል፣ ከየማዕዘኑም ዐይን። በሽተኛው ጠልሰሙን ያያል፤ በውስጡ ያደረውም በእርሱ ዐይን በኩል ያያል፤ አይቶም መቆም ያቅተዋል። በዚህ መተያየት ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ሰው በጸጥታ፣ ዐይኑን ሳይነቅል፣ የሚያየው ነገር መልሶ እስኪያየው ድረስ ሲቆይ ልቡ ይከፈታል። ስለዚህ በቤታችን ክታብ አይሸጥም። እያንዳንዱ ሰው ብራናውን በራሱ ቁመት ይለካል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ስሙን በቀይ ይጽፋል፣ ጠልሰሙን በጾም ይስላል፣ በየንጋቱም ፊቱ ዘርግቶ ያየዋል። ጌራና ጌዴዎን የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ የጠልሰም ሊቃውንት ነበሩ፤ ሥራቸው እስከ ውጭ አገር ሙዚየም ደርሷል። እስክንድር ቦጎሲያን የክታብን ዐይኖች በዘመናዊ ሥዕሉ ውስጥ አኖራቸው፤ ዘሪሁን የትምጌታም በቀርከሃ ስንጥር ላይ ሣላቸው። ጠልሰም ሕያው መሆኑን በሥራቸው አረጋግጠዋል። እኛ ወደ ልምምድ እንመልሰዋለን።

አካልም ያውቃል ብለን እናምናለን። በ1932 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ላይ በአባ ጄሮም አስተርጓሚነት የዛር ቤት ውሎ መዘገበ። የቤቱ መሪ መልካም አያሁ የተባለች ሴት ነበረች። በአደባባይ ወንበር ያልነበራት ሴት በዚያ ቤት ታዛለች፣ ትፈርዳለች፣ ትመርቃለች። ዛሩ ሲወርድ የዛሩ ፈረስ የሆነችው ሴት ጉሪ ትላለች፤ አንገቷና ትከሻዋ ይወዛወዛል፤ በዛሩ ስም ትፎክራለች፤ በደሏን በሌላ ድምፅ ትናገራለች። ከበሮውን፣ ጭብጨባውን፣ ዕጣኑን፣ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ፣ ሦስቱን ስኒ ቡና እናስቀጥላለን። የሴቶችን መሪነት እናጸናለን። ዕድሜ ልክ የማያልቀውን የውቃቢ ዕዳ ግን እንሰርዛለን፤ መንፈስ ግብር አስከፋይ ሆኖ አይኖርም። ሌሪስ አባል የነበረበት የጥናት ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን ነቅሎ፣ በምትካቸው ግልባጭ ለጥፎ ወደ ፓሪስ ወስዷል። ከእንግዲህ የራሳችንን ነገር ራሳችን እንጽፋለን፤ ጽሑፉም እዚሁ ይቀመጣል።

ውኃ መምህር ነው ብለን እናምናለን። የግሽ ዓባይን ምንጭ አውሮፓውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከማየታቸው በፊት አገው ያከብረው፣ መሥዋዕትም ያቀርብለት ነበር። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ለወንዙ መንፈስ ይገብሩ ነበር። በጢስ ዓባይ ውኃው ከ40 ሜትር በላይ ይወረወራል፤ ጉሙ ፊትን ያረጥባል፤ ድምፁ ከጆሮ አልፎ በደረት ይሰማል። በዚያ ድምፅ ውስጥ ዐይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው የራሱ ሐሳብ ጫጫታ ሲሰጥም ያገኘዋል። ልምምዳችን ከዚህ ይነሣል። ይሁን እንጂ ጢሱ ሳስቷል። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ከፏፏቴው በላይ ውኃውን ቀዱ፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በቀጥታ ይወስዳል። መብራትን አንጠላም፤ በመብራቱ እናነባለን። በበጋ ለፏፏቴው የሚለቀቀው ውኃ ግን ከቱሪስት ገቢ ባለፈ ምክንያት ሊታሰብ ይገባዋል፤ አንድ የተቀደሰ ድምፅ እየጠፋ ነው። የተቀደሰውን ለመጠበቅ የጣናው ዘጌ መንገዱን አሳይቷል። በባሕረ ገብ መሬቱ ማረስንና ከብት ማርባትን የከለከለው ገዳማዊ ሥርዓት የቡናውን ደን ለዘመናት አቆይቷል። እኛም እንዲህ ያለውን ክልክል እንመልሳለን። የሚደግመው አስማት ያለው ሁሉ የሚነቅለው እምቦጭ ይኖረዋል። ይህ አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን እየበላ ነው፤ በእጁ ያልነቀለ ሰው በከንፈሩ ባይደግም ይሻላል።

የምንክደውም አለ፤ ሳናድበሰብስ እንናገረዋለን።

ቡዳ የሚለውን ክስ እንክዳለን። ይህ ቃል ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን፣ ቤተ እስራኤልን ለመቶዎች ዓመታት ከማዕድና ከጋብቻ አራቀ፤ ብረት የቀጠቀጠልንን እጅ ጅብ ነው አለ። በቤታችን ሰውን በቡዳነት የሚጠቁም አይቀመጥም፤ የሰውን ስም ከለፍላፊ በሽተኛ አፍ የሚያወጣም አዋቂ አይባልም።

አብሾን እንክዳለን። የቅኔ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ብሎ ከአስተናግር የሚያዘጋጀው መጠጥ አንዱን ሊቅ አደረገ ሲባል እንሰማለን፤ አእምሯቸው የተናወጠው ግን ተረት አልወጣላቸውም። አስተናግር መርዝ ነው። ጾም፣ ሱባኤ፣ ዜማና ሌሊት ይበቁናል። ዝግ ይላሉ፤ የከፈቱትን በር ግን አይሰብሩትም።

በሽተኛን ማሰርንና ማስራብን እንክዳለን። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ድምፅ እየሰማ እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እንወስደዋለን። ከሐኪም ሲመለስ ቡናው ይጠብቀዋል። ክኒኑን ጣል የሚል አዋቂ ከእኛ አይደለም።

ከገዳማቱ ጋር ጠብ የለንም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ብራናውን ባይጠብቁ፣ ደብተራው ግዕዙን ባይማር፣ ይህ ሁሉ ባልኖረ ነበር። ካህኑ ይነቅፈናል፤ ነቀፋውን እንሰማለን። ወደ መቅደሱ አንገባም፤ ጸበሉንም የእኛ ነው አንልም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በስሙና በእምነቱ እንደ ጸና ቄጤማችን ላይ ይቀመጣል።

የሚመጣው ዘመን ይህን ያያል። ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ ለወንድም ለሴትም የሚያስተምር የጽሕፈት ቤት ከሐይቁ ዳር ይቆማል። በየደብተራው ጎጆ ጣሪያ ሥር የተደበቀው የመድኃኒት ደብተር ከነባለቤቱ ስም ይመዘገባል፤ የሚያድነው ከሚገድለው በላብራቶሪ ይለያል። የዛር ቤት እናቶች በመምህርነት ይከበራሉ። ወጣቱ ምሥጢርን ፍለጋ ሲነሣ የሚያስፈራራው ሳይሆን የሚያስተምረው ያገኛል።

ስለዚህ ለሚያነበው ሁሉ እንላለን። አንተ ደብተራ፣ የያዝከውን ይዘህ አትሙት፤ ለአንድ ልጅ እንኳ አስተምር። እትዬ፣ ከበሮውን አታውርሺው ለአቧራ፤ ለልጅሽ ስጪያት። አንተ የባሕር ዳር ልጅ፣ የአያትህ ክታብ በቆዳ ማኅደሩ ተጠቅልሎ ካለ ለቱሪስት አትሽጠው። ይዘኸው ና፤ ዘርግተን አብረን እናንብበው።