ውሻው ጮኾ ነበር፦ የመረጃ ጥበቃ በማሽን ብቻ አይገዛም

የደንበኞች መረጃ ከአንድ ትልቅ ተቋም ሾልኮ በወጣ ቁጥር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ሆኗል፦ ማሽን ለርኒንግ። የሻጮቹ ማብራሪያ ግልጽ ነው። ሶፍትዌሩ የሠራተኛውን የዘወትር አሠራር ይማራል፤ ማን የትኛውን ፋይል፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚከፍት ያጠናል፤ ከልማዱ የወጣ ነገር ሲያይ ያስጠነቅቃል ወይም መንገዱን ይዘጋል። ይህ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ማሽኑ ከተገዛ መረጃው ተጠበቀ የሚለው ድምዳሜ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ ታርጌት የደረሰው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ኩባንያው በወቅቱ ዘመናዊ የተባለ የጥበቃ ሥርዓት ገዝቶ ነበር። ሥርዓቱም የሰርጎ ገቦቹን ሶፍትዌር አይቶ በጊዜው አስጠንቅቋል። ሰሚ አልነበረም። የ40 ሚሊዮን የባንክ ካርዶች መረጃ ወጣ። ያ መሣሪያ የዛሬው ዓይነት ማሽን ለርኒንግ አልነበረም ይባል ይሆናል፤ ጉድለቱ ግን ከዓይን ሳይሆን ከጆሮ ነበር።

የኢኩፋክስ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። በማርች 2017 ለአንድ የታወቀ የሶፍትዌር ክፍተት መጠገኛ ወጣ፤ ኩባንያው ግን ክፍተቱን ሳይደፍን ቀረ። ሰርጎ ገቦቹ በሜይ ገብተው 76 ቀናት ቆዩ፤ 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተጎዱ። የተመሰጠረውን የኔትወርክ እንቅስቃሴ የሚመረምር መሣሪያ በቦታው ነበረ፤ ነገር ግን የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ጊዜው ስላለፈበት ለወራት ታውሮ ቆይቷል። በጁላይ 29 ሰርተፊኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው እንቅስቃሴ ወዲያው ታየ። በ2019 ደግሞ ራሱን እንደ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ሲያስተዋውቅ የኖረው ካፒታል ዋን ባንክ፣ በአሜሪካና በካናዳ የ106 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ መሰረቁን የሰማው ከውጭ ሰው በደረሰው ኢሜይል ነው። በሩን የከፈቱት በስሕተት የተዋቀረ ፋየርዎልና ከሚገባው በላይ የሰፋ የመዳረሻ ፈቃድ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪ 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

የዛሬው ማሽን ከዚያ ዘመን መሣሪያ እጅግ የላቀ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ሒሳቡ ግን አይለወጥም። 10,000 ሠራተኞች ያሉት፣ እያንዳንዱም በቀን 50 መልእክት ወይም ፋይል የሚልክበት ተቋም እንበል። በቀን 500,000 መልእክት ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 10ሩ ብቻ እውነተኛ የመረጃ ማፈትለክ ቢሆኑና ማሽኑ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ንጹሑን ቢጠረጥር፣ ለ10ሩ ሲባል 5,000 ያህል የሐሰት ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ይደወላል። ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ ከማይጮኽ ውሻ አይሻልም፤ ባለቤቱ መስማት ያቆማል።

ሌላም ችግር አለ። ማሽኑ የሚማረው ትክክለኛውን ሳይሆን የተለመደውን ነው። መቶ ሠራተኞች ያለ በቂ ምክንያት የደንበኞችን ሒሳብ ሲያገላብጡ በኖሩበት ባንክ ውስጥ፣ ያ ልማድ ለማሽኑ «ጤናማ» ሆኖ ይመዘገባል። ጥፋቱ በስታቲስቲክስ ማኅተም ይጸድቃል ማለት ነው።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ምስልን ይዟል፤ ከባንክ ሒሳብም ጋር እየተሳሰረ ነው። የባንክ ካርድ ቢሰረቅ በሌላ ይተካል፤ አሻራ ግን አይተካም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ሕጉን በተግባር የመተርጎሙን ኃላፊነት ከውጭ ለተገዛ ሶፍትዌር ማስረከብ አይቻልም።

በተለይም ሶፍትዌሩ አማርኛን የማያውቅ ከሆነ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሠለጠነ ስም ለቃሚ «ሰላም»ን ወይም «ብርሃን»ን ሲያይ የሰው ስም ይሁን ተራ ቃል በምን ይለያል? «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን ማን ነገረው? የቤተሰብ ስም የሚፈልግ ሥርዓት ከአባትና ከአያት ስም ጋር ምን ያደርጋል? በ13ኛው ወር በጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀን፣ ዓመትን በ12 ወር ለሚቆጥር ማጣሪያ ቀን እንኳ አይደለም፤ ስለዚህ ሳይታይ ያልፋል። እንዲህ ያለው ጠባቂ ለአማርኛ ሰነድ ዕውር ነው። ዕውርነቱንም ደወል አያሰማበትም።

ማሽን ለርኒንግ ይወገድ የሚል የለም። በሚሊዮን ከሚቆጠር የመዝገብ መስመር መካከል ሰው የማያየውን ያያል፤ ሁለተኛ ዘብ ሊሆንም ይገባዋል። የመጀመሪያው ዘብ ግን የተቋሙ የራሱ ሥርዓት ነው፦ የማያስፈልገውን መረጃ አለማከማቸት፣ የመዳረሻ ፈቃድን ለሥራው በሚበቃው ልክ መወሰን፣ የታወቀ ክፍተትን በወቅቱ መድፈን።

በዋሽንግተን፣ በለንደንም ሆነ በዱባይ ተቀምጠው የአገር ቤት ተቋማትን የሚያማክሩ ባለሙያዎች የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ ሊያቆዩት ይገባል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ማስጠንቀቂያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢደርስ ከእንቅልፉ የሚነሣው፣ ሥርዓቱን የማቋረጥ ሥልጣን ያለውና ባያቋርጥም በሕግ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ነው። የዚያ ኃላፊ ስም በውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ከሶፍትዌሩም በአማርኛ ሰነድ የተፈተነበት ውጤት ካልቀረበ፣ ግዢው መፈረም የለበትም።