ጌሙን በስልክ እንጫወታለን፤ መሥራቱስ?

አርሲ ለመሰናክል እንግዳ አይደለም። የ3000 ሜትር መሰናክል የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ለሜቻ ግርማ የአርሲ ልጅ ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ 7:52.11 ገብቷል።

ሮብሎክስ ላይም መሰናክል አለ፤ "ኦቢ" ይሉታል። ትሮጣላችሁ፣ ትዘላላችሁ፣ ትወድቃላችሁ፣ እንደገና። አሰላ ሆኖ በስልክ መጫወት ይቻላል። መሥራቱ ላይ ነው ጉዱ።

ሥራው ራሱ እኮ ከባድ አይደለም። ሮብሎክስ ስቱዲዮ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ፣ ብሎኮች ትደረድራላችሁ። እያንዳንዱን ብሎክ "አንከር" ማድረግ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ጌሙ ሲጀምር ቁልቁል ይወርዳል። የነካውን የሚገድል ቀይ ብሎክ ለመሥራት ሉዋ በሚባለው ቋንቋ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። ቼክፖይንትም አትርሱ፤ ወድቆ ከዜሮ የሚጀምር ተጫዋች ጥሎ ነው የሚሄደው።

ችግሩ፣ ስቱዲዮ የሚሠራው ዊንዶውስ ወይም ማክ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስልክ ላይ የለም። በቃ፣ ስልክ ብቻ ያለው ልጅ ተጫዋች ሆኖ ይቀራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው "5 ሚሊዮን ኮደሮች" ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን ከኮርሶቹ አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት ነው፤ እሱም ልምምዱ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ቪዲዮ አይቶ ሰርተፊኬት መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ሠርቶ ማሳየት ሌላ። በእኔ እይታ ከሰርተፊኬት ቁጥር ይልቅ መቆጠር ያለበት ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ያሳለፈው ሰዓት ነው። አርሲ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አሰላ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ላብ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢከፈት ምን ይጎዳል?

ገንዘቡስ? "በሮብሎክስ ሀብታም ሁኑ" የሚሉ ቪዲዮዎችን በጥርጣሬ እዩ። ጌማችሁ ውስጥ ከሚሸጠው 30 በመቶውን ድርጅቱ ይወስዳል። ወደ ዶላር ለመቀየር ዕድሜ ቢያንስ 13፣ ያገኛችሁት ደግሞ ቢያንስ 30,000 ሮቡክስ መሆን አለበት። ያ ሁሉ ተለቅሞ ከ100 ዶላር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለመጀመሪያ ኦቢ ይሄ ሩቅ ነው፤ የምታገኙት ሙያውን ነው። ሙያው ደግሞ ከንቱ አይደለም። ለማምለጥ የምትሮጠዋን ዶሮ "ኩኩሉ"ን የሠራው ቅኔ ጌምስ የኛው አገር ነው።

ኢንተርኔት ቤት ሄዳችሁ ለምትሞክሩ፦ መሰናክሎቹን ቤት ሆናችሁ ወረቀት ላይ ሣሏቸው፣ ሰዓት የሚቆጥረው እዚያ ስትቀመጡ ነው። ስቱዲዮ የተጫነበት ማሽን መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሥራችሁን ሮብሎክስ አካውንታችሁ ላይ ሴቭ ካደረጋችሁት በሌላ ቀን፣ በሌላ ኮምፒውተር ትቀጥላላችሁ። ስትወጡ ሎግ አውት አድርጉ።