ወረዳችን ለስንት ወር ራሱን ይችላል?

የመኸር ሪፖርት በቀረበ ቁጥር አንድ ወረዳ የሚመዘነው በሄክታርና በኩንታል ነው። ይህን ያህል መሬት ታረሰ፣ ይህን ያህል ምርት ይጠበቃል ይባላል። ቁጥሩ የሚያሳየው ዝናብ በወቅቱ ሲጥል፣ መንገድ ክፍት ሲሆን፣ መብራትም ሲኖር የሚገኘውን ነው። የአንድ ወረዳ ራስን የመቻል አቅም የሚፈተነው ግን ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁሉም ሲቋረጡ ነው። ስለዚህ "ምን ያህል አመረትን?" ከሚለው ቀጥሎ "ከውጭ ምንም ባይገባ ለስንት ወር እንቆያለን?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ከሰሜን ወሎ ዞን ወረዳዎች መካከል ራያ ቆቦ ጥሩ ማሳያ ነው። ሜዳው በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በደጋማው የተራራ ሰንሰለት የተከበበ ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ለዘመናት ያከማቸው አፈር ለም ነው። አርሶ አደሩ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው የማስገባት የቆየ ልምድ አለው። ከሜዳው ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውኃም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት አማካይነት ለመስኖ ውሏል። በወረቀት ላይ ቢመዘን ራሱን ለመቻል የሚያንሰው ነገር ያለ አይመስልም።

ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ይኸው ቀጣና ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ማሽላው ሊሰበሰብ ሲቃረብ ወረደበት። ያ ዓመት ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰና መብራት፣ ስልክ፣ ባንክና መንገድ በአንድነት ተቋረጡ። ለም መሬት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ አስረጂ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው መለኪያ እህል ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለአንድ ሰው በወር የሚያስበው 15 ኪሎ ግራም እህል ነው። በዚህ ስሌት አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ፣ በዓመት 9 ኩንታል ያስፈልገዋል። ግማሽ ሄክታር ማሽላ በሄክታር 20 ኩንታል ሒሳብ 10 ኩንታል ቢሰጥ የሚተርፈው አንድ ኩንታል ነው። ማዳበሪያ፣ ትምህርትና ሕክምና ሁሉ ከዚያች አንድ ኩንታል ይጠብቃሉ። ዝናብ አጥሮ ምርቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ 5 ኩንታሉ ከስድስት ወር ተኩል ብዙም አያልፍም። ከታኅሣሥ መባቻ መበላት ቢጀምር ሰኔ ሳይወጣ ጎተራው ይራቆታል። አዲሱ ማሽላ የሚደርሰው ግን ኅዳር ላይ ነው። የወረዳው ትልቁ ክፍተት እነዚህ አምስት ወራት ናቸው።

ክፍተቱን የሚያሰፋው ሌላው ጠላት ነቀዝ ነው። እርጥብ እህል ጎተራ ከገባ ይሻግታል፤ ነቀዙም ይበረክታል። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ከድኖ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። በደንብ የደረቀውን ውስጡ ሁለት ላስቲክ ባለው አየር አልባ ከረጢት ጥብቅ አድርጎ ቢያስሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ ኬሚካል ይሞታል።

ሁለተኛው መለኪያ ውኃ ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር እንዲደርሰው ይመከራል። ይህ ለአምስት ሰዎች ቤተሰብ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ያለ መብራት ወይም ያለ ነዳጅ ውኃ አይሰጥም። ስለዚህ የወረዳው ጉድጓድ ሲቆጠር በእጅ ፓምፕ፣ በፀሐይ ኃይል ወይም በምንጭ የሚሠራው ለብቻው ሊለይ ይገባል። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው፤ መብራት በጠፋበት ቀን እህል እያለ ዱቄት ይታጣል።

ሦስተኛው ዘር ነው። የቆቦ አርሶ አደር በሚያዝያ ደጋሊትና ጅጉርቲን የመሰለ ዘግይቶ ደራሽ ማሽላ ይዘራል። የበልጉ ዝናብ ከከዳው በክረምቱ መግቢያ ቶሎ ደራሽ ማሽላ፣ ያም ካልሆነ ጤፍ ይዘራል። ይህ ጥበብ የሚሠራው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘር በእጅ ሲገኝ ነው። ለአንድ ሄክታር ማሽላ 10 ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል፤ ብዙ አይደለም። ሆኖም በረሃብ ወር ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው።

አራተኛው ጉርብትና ነው። ቆቦ ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ተንጠልጥላለች፤ በዚያ መንገድ ላይ የአልውሃ ድልድይ ቢሰናከል የደቡቡ ጉዞ ይቋረጣል። በምዕራብ የሚያዋስናት ጊዳን ግን ደጋ ናት። እዚያ የበልግ ገብስ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ፣ ልክ የቆላው ጎተራ በሚራቆትበት ጊዜ ነው። የቆላው ማሽላ ደግሞ ለደጋው በኅዳር ይደርስለታል። በርግጥ በልግም ይከዳል፤ ውርጭም አለ። ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ዓመት እኩል የመክሰር ዕድላቸው ከአንዱ ብቻ ያነሰ ነው። አህያና በቅሎ የሚሄዱበት የዳገት መንገድ ነዳጅ አይጠይቅም፤ መጠገኑም የአደጋ ዝግጁነት ሥራ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም። እህሉን በየሳምንቱ የሚሸምት ቤት ጎተራው ገበያው ነው፤ ገበያ በተዘጋ ማግሥት ባዶ እጁን ይቀራል። በታኅሣሥና በጥር ዋጋው ረከስ ሲል የሁለት ወር እህል ገዝቶ በደንብ ማስቀመጥ አቅሙ ላለው ሁሉ ይበጃል። አቅም ለሌለው ደግሞ ዕቁብና ዕድር ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እህልም ማስቀመጥ ይችላሉ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆን ቆጠራው ከወዲሁ ሊጀመር ይገባል። እያንዳንዱ ቀበሌ ከግብርና ባለሙያዎቹ ጋር አራት ነገሮችን ይመዝግብ፦ በጎተራ ያለው እህል ለስንት ወር እንደሚበቃ፣ ያለ መብራት የሚሠሩ የውኃ ተቋማት ስንት እንደሆኑ፣ የተቀመጠው ዘር ለስንት ዙር እንደሚሆን፣ ከጎረቤት ወረዳ የሚያገናኘው መንገድ በክረምት ያሳልፍ እንደሆነ። ውጤቱም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ለነዋሪው ይነገር። ምርቱ አውድማ ላይ ሳለ የሚታወቅ ክፍተት በጊዜ ይሞላል፤ በሐምሌ የሚታወቅ ክፍተት ግን የሚሞላው በሬ ተሽጦ ነው።