የበዓል ልብስ በጥድፊያ አይታተም

ጥር በተቃረበ ቁጥር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አውራ መንገድ ዳር ባሉት ጠባብ የኅትመት ሱቆች ደጃፍ፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶች ለከተራና ለጥምቀት የሚለብሱትን አንድ ዓይነት ካናቴራ ለማሳተም ይሰበሰባሉ፤ በደረቱ ላይ የአጥቢያቸው ጻድቅ ወይም ሰማዕት ሥዕል፣ በጀርባው ደግሞ የማኅበራቸው ስም ይታተማል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበውን ይህን ዐቢይ በዓል በአንድ ልብስ አምሮና ተባብሮ ማክበር የሚመሰገን ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን ቃና ዘገሊላ ባለፈ በሳምንቱ ልብሱ አንድ ጊዜ ታጥቦ የቅዱሱ ሥዕል ሲሰነጠቅና ሲላጥ፣ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው የተጓደለው ክብር ነው።

የዚህ ጥፋት ሥሩ ጥድፊያ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በቡራዩ ሲሠራ ቆሜ ተመልክቻለሁ፦ ካናቴራውን ሂት ፕሬስ በሚባለው የሙቀት መጫኛ ማሽን ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ካስተካከለ በኋላ፣ በጨርቁ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዲወጣ አስቀድሞ ባዶውን ለጥቂት ሰከንድ ይጫነዋል፤ ከዚያም የተቆረጠውን፣ ከሥሩ ሙጫ ያለበትን ስስ ፕላስቲክ (ቪኒል) አስቀምጦ በ150 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ይጫነውና፣ ሽፋኑን ከጥግ ጀምሮ ቀስ እያለ ይልጠዋል። ሙጫው ቀልጦ በጥጡ ክሮች መካከል የሚሰርገው ሙቀቱ፣ ግፊቱና ጊዜው ሦስቱም ሲስማሙ ነው። በከተራ ዋዜማ ግን ደንበኛው ደጅ ቆሞ ሲያጣድፍ፣ የመብራቱም ኃይል ሲዳከም፣ ሙቀቱ ሳይደርስ ይታተማል፤ ምጣዱ ሳይሰማ የፈሰሰ ሊጥ ዐይን እንደማያወጣ ሁሉ፣ እንዲህ ያለውም ኅትመት ከጨርቁ ጋር አይዋሐድም።

ሁለተኛው ጥፋት የጨርቁን ባሕርይ አለማወቅ ነው። ፈረንሳዊው ኖኤል ደ ፕላስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የደረሰበት የሰብሊሜሽን ኅትመት፣ ቀለሙን በ200 ዲግሪ ገደማ ወደ ትነት ለውጦ በፖሊስተር ክር ውስጥ የሚያሰርጽ ጥበብ ነው፤ ስለዚህ በሱሉልታ ሜዳ ልምምድ ለሚያደርጉ ሯጮች የፖሊስተር መለያ እጅግ ይስማማል፣ በንጹሕ ጥጥ ላይ ግን ቀለሙ አይጸናም። አይካ አዲስ ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ጥጥ ፈትሎ፣ ልብስ ሰፍቶ ወደ ጀርመን በላከባት በሰበታ፣ ጥጥን ከፖሊስተር ሳይለዩ ማተም የሚያስነቅፍ ነገር ነው።

ስለዚህ የየአጥቢያው ወጣቶች ሆይ፣ ትእዛዛችሁን በኅዳር ስጡ፤ አታሚውም አስቀድሞ አንድ ካናቴራ አትሞ፣ አጥቦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ልብሱን እስከ ማግሥቱ አትጠቡት፤ ስታጥቡትም ገልብጡት፣ በሥዕሉም ላይ ካውያ አታሳርፉበት። እናንተም አታሚዎች፣ ሙቀቱ ሳይደርስ ደንበኛ ቢቆጣ ይቆጣ እንጂ ማሽኑን በልብሱ ላይ አትጫኑ፤ የቅዱሳንን ሥዕል ለማተም ገንዘብ የተቀበለ እጅ፣ ሥዕሉ ጸንቶ እንዲኖር የማድረግ ግዴታም አለበትና።