የጃፓኑ እርሾና የእኛ ጾም

በቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ሳምንት በታወጀ ቁጥር በቴሌግራም የሚዞር መልእክት አለ። አንድ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ጾም አንጎልን እንደሚያጸዳ አረጋግጠው የኖቤል ሽልማት እንደወሰዱ ይናገርና፣ ስለዚህ ጾም የመርሳት በሽታንና ፓርኪንሰንን ይፈውሳል ብሎ ይደመድማል። ከመድረክ ሲነገርም ሰምቼዋለሁ፤ ጉባኤው ሞቅ ባለ «አሜን» ተቀብሎታል። ሳይንቲስቱ በእርግጥ አሉ። ሽልማቱም እውነት ነው። መደምደሚያው ግን የእሳቸው አይደለም፤ እንደኛ ባለ ቆላ አገር ደግሞ አዛውንት ሊጎዳ የሚችል መደምደሚያ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ፕሮፌሰር ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን ትንሽ ላብራቶሪ ሲጀምሩ ያጠኑት የሰውን አንጎል ሳይሆን ዳቦ የሚያስነሳውን እርሾ ነበር። በእርሾ ሕዋስ (ሴል) ውስጥ ያረጀ ነገር የሚፈጭበት ከረጢት አለ። ኦሱሚ መፍጫ ኢንዛይሙ የጎደለውን እርሾ ወስደው ምግብ ከለከሉት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከረጢቱ ባልተፈጩ ትናንሽ ኳሶች ጢም ብሎ ሞልቷል። የተራበ ሕዋስ ያረጀ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ መፍጫው ያስገባል ማለት ነው። መፍጫው ጤነኛ በሆነ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ የገባው ሁሉ ተፈጭቶ ለአዲስ ሥራ ይውላል። ይህ ሥራ ኦቶፋጂ ይባላል፤ በግሪክኛ «ራስን መብላት» እንደማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ኦሱሚ ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚመሩትን ጂኖች አንድ በአንድ ፈልገው አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሽልማቱ ለብቻቸው ተሰጣቸው። ሰው ትኩር ብሎ በማያየው እርሾ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትዕግሥት! እኔ በበኩሌ ፈጣሪ በዱቄት ውስጥ በሚቦካ ነገር እንኳ ይህን ያህል ጥበብ ማኖሩ ያስደንቀኛል።

ታዲያ ይህ ከአንጎል ጋር ምን ያገናኘዋል? የቆዳችን ሕዋስ ሲያረጅ ይረግፋል፣ በሌላ ይተካል። አብዛኛው የአንጎላችን የነርቭ ሕዋስ ግን አይተካም። የሰባ ዓመት አዛውንት የሚያስቡት ሰባ ዓመት በሠራ ሕዋስ ነው። ስለዚህ ቆሻሻው በየቀኑ ካልተጠረገ ይከማቻል። በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ተጓጉሎ ይገኛል፤ በአልዛይመር ደግሞ አሚሎይድ ቤታና ታው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የጃፓን የምርምር ቡድኖች በነርቭ ሕዋሳቸው ውስጥ የጽዳቱ ጂን እንዳይሠራ የተደረጉ አይጦችን አጠኑ። አይጦቹ እንቅስቃሴያቸው ተዛባ፣ በሕዋሳቸው ፕሮቲን ተከማቸ፣ ነርቮቻቸውም ሞቱ። ኦቶፋጂ ከእርጅና የአንጎል በሽታዎች ጋር እንደሚነካካ ያሳየ ትልቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ አይጦች እንዲራቡ አልተደረጉም። ጎረቤት ሆኖ የሚኖር ቆሻሻ ጠራጊ በበዓልም በአዘቦትም እንደሚወጣ ሁሉ፣ የአንጎል ጽዳት የጠገበውም ሰው ውስጥ በየዕለቱ ይሠራል፤ ጉዳቱ የመጣው ይህ የዕለት ሥራ በመቋረጡ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የኦሱሚ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ኖቦሩ ሚዙሺማ አይጦችን እስከ ሁለት ቀን ምግብ ከልክለው ነበር። በጡንቻና በጉበት ኦቶፋጂው ጨመረ፤ በአንጎል ግን ሲጨምር አልታየም። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአይጥ አንጎልም ይጨምራል ብሏል። ሊቃውንቱ በአይጥ ላይ ያልጨረሱትን ክርክር እኛ በሰው ላይ ጨርሰን «ተረጋግጧል» እንላለን። በሰው ላይ ጾም አልዛይመርን ወይም ፓርኪንሰንን እንደሚፈውስ ያረጋገጠ ጥናት የለም።

ረሃብና ነርቭ በአገራችን ታሪክ ከተገናኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተገናኙት በክፉ ነው። ጓያን የማያውቅ ሸዌ የለም። ሌላው እህል በድርቅ ሲከስም ጓያ ይተርፋል፤ ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዘውን ነርቭ ይጎዳና እግር ይገተራል፤ አንዴ ከተገተረ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ በደላንታና በዳውንት በድርቅ ምክንያት ብዙ ሰው፣ በተለይም ወጣቶች፣ በዚህ መልክ ተጎድተዋል። ነገሩን ካጠኑት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይገኙበታል። ሰው የሚፈቅደው ጾምና ድርቅ የሚያመጣው ረሃብ አንድ አይደሉም፤ ይህን አውቃለሁ። ሆኖም «ሆድ ሲጎድል አንጎል ይጸዳል» የሚለው አባባል በዚህ ምድር ላይ ሲነገር ይከብደኛል።

አሁን ወደ ሸዋ ሮቢት ልምጣ። ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ይፋት ቆላ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጋቢውን ነው። ማሾና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ጥላ የሚፈልግበት አገር ነው። በእርጅና ጊዜ የጥም ስሜት ይቀንሳል፤ አዛውንቱ ውሃ እያነሳቸው «አልጠማኝም» ይላሉ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደግሞ ከተቀመጠበት ሲነሳ የደም ግፊቱ ዝቅ ሊልና ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ እኚህ እናት ወይም አባት ከነውሃው ሦስት ቀን ይጹሙ ሲባል አስቡት። በሁለተኛው ቀን የቆሙበትን ቦታ ይስታሉ፣ የሌለ ሰው ያያሉ፣ ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም ይጠራሉ። ይህ ሐኪም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ፈሳሽ ያነሰው ያረጀ አንጎል እንዲህ ይቃዣል። ወባም በዚህ አገር እንዲሁ ያደርጋል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን «መንፈስ ተገለጠባቸው» ይባልና ጾሙ ይጨመራል።

ይህን የምለው ጾምን ላቃልል አይደለም። እኔም እጾማለሁ፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱ የሚጾሙበት ጊዜ እንደሚመጣ ተናግሯል። ነገር ግን ጾም ትሕትና ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት መዋረድና እሱን መፈለግ ነው። ኢሳይያስ 58ን ያነበበ ሰው የእግዚአብሔር ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ያውቃል። ለነርቭ ጽዳት ብለን የምንጾም ከሆነ ሐሳባችን ከጌታ ወደ ራሳችን ሰውነት ዞሯል። ነገ ሌላ ጥናት ወጥቶ «አይጸዳም» ቢልስ፣ ልንተወው ነው? ኤልያስ ደክሞ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው።

በይፋት ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን ነው የምንኖረው። በረመዳን አቅም ያነሰው ሽማግሌና በጾም የሚጎዳ ሕመምተኛ እንዲበላ ሃይማኖታቸው ይፈቅዳል፤ ስለማይጾምበትም ቀን ለድኻ ያበላሉ። ጸጋን የምንሰብክ እኛ በገዛ አዛውንቶቻችን ላይ ከዚያ የከበደ ቀንበር ስንጭን ምን ልንል ነው?

በተለይ አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይታለፍ። ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው «እምነቴን ላሳይ» ብሎ በአንድ ጊዜ ቢያቋርጠው ሰውነቱ ሊገተር፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊይዘው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒቱ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ ቤተሰብ ተቸግሮ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ያስመጣዋል። ያን ተጨንቀው ያመጡትን እኛ በአንዲት የስብከት ዐረፍተ ነገር እናስጥላቸዋለን። የጸሎት መሪዎች፣ እባካችሁ፣ ጾም ስታውጁ «መድኃኒት የምትወስዱና አዛውንት የሆናችሁ ብሉ፣ ጠጡ፣ አብራችሁን ጸልዩ» የሚለውን ከመድረክ በግልጽ ተናገሩት። በለሆሳስ የተነገረ ፈቃድ አዛውንቶቻችንን አያሳርፍም፤ «ሁሉ ሲጾም እኔ ልብላ?» ይላሉና።

ጾመን የተረፈን ጉልበት ካለ ደግሞ የት እንደሚውል ልጠቁም። የመርሳት በሽታ ባለበት ቤት ሌሊት የማይተኛው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም። በሩን ከፍቶ ወደ አስፋልቱ እንዳይወጣ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ወይም ምራት አለች። እሷ ከቤተ ክርስቲያን ከቀረች ወራት አልፈዋል፤ «ቀዝቅዛለች» ተብላም ይሆናል። በጾሙ ሳምንት ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተራ ያዙ፤ አንዳችሁ ከአባት ጋር ተቀመጡ፣ ሌላችሁ ውሃ አጠጧቸው፣ እሷ ትተኛ።